በባርኔጣ የወጣ ቡድን

አምና ይኼኔ ላይ አራት ነበርን እኛ፣
አንዲት ብርቱካን ፍሪዝቢ፣ አንድም የለን ዳኛ።
ታቦር ተራራ ሥር፣ ከትምህርት ቤቱ ጓሮ፣
ሁለት ለሁለት ሆነን፣ አቧራው ልብሳችን ላይ አድሮ።
ሰው ቆሞ ያየናል፣ ይስቃል፣ ያልፋል።
አንድ ባለ ባጃጅ አንገቱን አውጥቶ ይጮኻል፦
«ክዳኑ እዚህ ሲበር፣ ድስቱ የት አረረ?»
እኛ መልስ ሳናገኝ ተፈተለከ፣ በረረ።

ደብዳቤ በተንን፣ ማኅተም የሌለው፣
ለሻሸመኔ፣ ለሶዶ፣ ለዲላ፣ ለይርጋዓለም ሰው፦
«ሰባት ሰባት ሆናችሁ በጥር መጀመሪያ ኑ።»
ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፤ ስልኮቻችን እንደ ሌሊት ሐይቅ ሆኑ።
አንድ ብቻ መለሰ፣ ጅግሶ ነኝ የሚል፣ ከዲላ፦
«እኔ አንድ ነኝ» አለ፤ «የለኝም ሌላ።
ስድስት ሰው እስካገኝ ሽበቴን ልጠብቀው?
አንድ ሰው ለብቻው እናንተ ዘንድ ስንት ነው?»

ያን ሌሊት አልተኛሁም።

ዳራርቴ ግን ሳቀች፦ «ጥፋቱ የኛ ነው፤
ቡድን የሌለውን ቡድን አምጣ አልነው።
ሰው ይምጣ፣ ሰው ብቻ፤ ስሙን በቁራጭ ወረቀት
የሻላሞ አባት ባርኔጣ ውስጥ እንክተት፤
ማን ከማን ጋር ይሁን፣ ማን ለማን ይሩጥ፣
ባርኔጣው ይወቀው፤ እኛ ኖራ እንበጥብጥ።»
ለጠፍን፣ በጁስ ቤቱ ግድግዳ፣ በፀጉር ቤቱ በሩ፦
«ዋንጫ የለም። ክፍያ የለም። ጫማ ባይኖርም አትቅሩ።»

ሠላሳ አንድ ሰው! እኔ አሥር ነበር ያሰብኩት።
ዳቦው አልበቃም፤ ሙዙን ሳይቀር ገመስኩት።
የውሃ ፕላስቲክ አሸዋ ሞልተን ማዕዘን አቆምን፤
የኖራው መስመር ወለም ዘለም ሲል ዝም አልን።
አባ ኮዳዎቹ ከዓሣው ገበያ መጥተው ቆሙ፣
እንደ ጡረተኛ ዳኛ፣ ምንም ሳይሉ ሊታደሙ።

ጅግሶም መጣ፣ ሁለት መኪና ቀይሮ፣
አንድ ፌስታል አቮካዶ ቋጥሮ።
ዕጣው ከቀነኒ ጣለው፤ የሻሸመኔ ልጅ ናት፣
ፋብሪካ ሸሚዝ ትሰፋለች፤ ማታ ፈረቃ አለባት።

አሥር ለአሥር ሳሉ ንፋስ ተነሣ ከሐይቁ፤
ጅግሶ ለቀቃት፤ እሷ አየር ላይ ስታስብ፣ ሁሉም አፍ ከፍተው ጠበቁ።
ቀነኒ ዘላ ቀለበች፣ ከመስመሩ ጥግ፣ በጣቷ ጫፍ።
ጩኸት ሆነ። እሷ ግን ጎንበስ ብላ አየች፤ ኖራ አለ፣ ከጫማዋ ጠርፍ።
«ረግጫለሁ» አለች።
ማንም አልጠየቃት።
ዲስኩን መሬት አኑራ ወደ ኋላ ሮጠች።

ከአጥሩ ማዶ አንድ ባጃጅ ሞተሩን አጠፋ።
«ማን አስገድዷት ነው?» አለ ነጂው፤ «ማነው ፊሽካ የነፋ?»
«ማንም።»
«እንዴት ማንም?»
«እንዲሁ። ማንም።»
ከኋላው ተሳፋሪ «ረፈደብኝ!» ይላል፤ እሱ ግን አልሰማም።

ማን አሸነፈ ካላችሁኝ፣ ሻላሞ ጽፎት ነበር፤
ወረቀቱ ላይ አቮካዶ ተቆረጠ፤ አሁን ማን ይመስክር?

ሲመሽ ባርኔጣውን ላራግፍ ገለበጥኩት፤
ከገለባው ስንጥቅ አንድ ቁራጭ ተቀርቅሮ አገኘሁት።
የራሴ ስም። የራሴ ቀጫጫ ጽሕፈት።
ለካ ቀኑን ሙሉ፣ ከኖራ ወደ ውሃ፣ ከውሃ ወደ ዳቦ ስል፣
እኔው ነኝ የቀረሁት።

ባለ ባጃጁ ተሳፋሪውን አድርሶ ተመልሷል፤
እጁን ሱሪው ላይ ያብሳል።
«እስቲ» አለኝ፣ «ያንን ክዳን።»
ወረወርኩለት።
አልያዘውም። አባ ኮዳዎቹ መሃል ወደቀ፤
አንዱ ክንፉን ከፍቶ ራቀ።
ሊያመጣው ሮጠ፣ ቁልፉ ኪሱ ውስጥ እየተንኳኳ፤
እኔም ተከተልኩት፣ ሳይጨልም፣ አንድ ጊዜ እንኳ።